ሽቶ የጠጣው ጋቢዬና የአያ ፈንታሁን ንቦች

በደብረ ታቦር ስለ እኔ ሦስት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንደኛው፣ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ የሰው ላም ስነዳ ተያዝኩ ይላል። ሁለተኛው፣ ንብ አባሮኝ እስከ አንበሳሜ ገበያ ሮጥኩ ይላል። ሦስተኛው፣ በስተርጅና ሽቶ መቀባት የጀመርኩት ሴት ፈልጌ ነው ይላል። ሦስቱም ውሸት ነው። ላሟን አልነዳኋትም፤ እሷ ናት የተከተለችኝ። ከንብ አልሮጥኩም፤ እንዲያውም የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር አለመሮጤ ነው። ስለ ሴቷ የተባለውን ባለቤቴ አስካለ ስትሰማ ጎኗን ይዛ እስኪያስላት ስለሳቀች፣ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ሰው ሲያወራው ከሚያበላሸው እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም ነው ለእርሻ የወጣሁት፤ እጄ ከእስክሪፕቶ ይልቅ ዶማ ይለምዳል። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም በቦታው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ የተነደፈውም የኔ ጆሮ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ብርቄ ናት። ብርቄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ይህን ያነሳሁት ለመኩራት አይደለም፤ ቆይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለመኩራት ነው። የምታስተምረው ኬሚስትሪ ይባላል። ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች፤ ሦስት ጊዜም ገብቶኛል ብያታለሁ። ለገና መጥታ ሳለ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ጠርሙስ አወጣች። ላይዋ ላይ ሐምራዊ አበባ ተስሎባታል።

"አባዬ፣ ይህ ያንቱ ነው" አለችኝ።

"መድኃኒት ነው?"

"ሽቶ ነው። ቫዮሌት የሚባል አበባ አለ፤ ጥላ ስር የሚበቅል፣ አንገቱን የሚደፋ ትንሽ አበባ። ይህ ከአበባው ብቻ አይደለም፣ ከቅጠሉም አለበት።"

"ከቅጠል ደግሞ ምን ሽቶ ይወጣል?"

"ያሽትቱትና ይፍረዱ።"

አሸተትኩት። እስከዚያች ቀን ሽቶ ማለት ለእኔ ሰርግ ቤት በሙሽራ አጠገብ ስታልፍ አፍንጫህን የሚቆነጥጥ ነገር ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው አረንጓዴ ነው። ሽታ እንዴት አረንጓዴ ይሆናል የሚለኝ ሰው በነሐሴ ማለዳ ሣር አጭዶ አያውቅም። አዲስ የታጨደ ሣር፣ ቀጭ ብሎ የተሰበረ የባቄላ እሸት፣ ጤዛው ያልረገፈ የድንች ቅጠል። ቀጥሎ እንደ ምንጭ ዳር ውሃ ውሃ ይላል። አበባው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ዓይናፋር አበባ ነው፤ ብቅ ይልና ይጠፋል። ጠፋ ብለህ ወደ ሥራህ ስትመለስ ደግሞ ሳታስበው ይመጣል። ሰባ ዓመት አካባቢ ስኖር፣ የሠራሁበትን ማሳ በጠርሙስ አድርጎ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ይህን ለብርቄ አልነገርኳትም። "ደህና ነው" ብቻ አልኳት።

እሷም አስጠነቀቀችኝ። "አንዴ ከአንገትዎ፣ አንዴ ከእጅዎ። በቃ። ጠፋ ብለው እንዳይጨምሩ። የዚህ አበባ ጠባዩ ነው፤ አፍንጫን እያታለለ ይጠፋል እንጂ ሽታው እዚያው ነው።"

ሰማሁ። መስማትና ማድረግ በእኔ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሽምግልናው ልምጣ። የእህቴ ልጅ ደምለው ግንበኛ ነው። ከአንበሳሜ ወዲያ ጤና ኬላ ሲሠሩ የአያ ፈንታሁንን ልጅ ዝናሽን አየ። ከዚያ ወዲህ የሚገነባው ግድግዳ ሁሉ ወደ አንበሳሜ ያዘነብላል ብለው ጓደኞቹ ይስቁበታል። ምግብ ቀነሰ፤ እህቴ መጥታ አለቀሰችብኝ። ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ ሆኜ አንዴ ሄድኩ። ሂዱና ተመለሱ ተባልን፤ ያ ወግ ነው፣ ልጁን በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ አባት የለም። ሁለተኛ ሄድን። ይመከርበት ተባልን። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ደጅ አይጠናም። በዚያ ላይ ከእብናት ሌሎች ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ መጥተው መሄዳቸውን ሰምተናል። ሦስተኛው ካልቀና ዝናሽ ለእብናት ነች፣ ደምለውም እህቴ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ሲያይ የሚውል ነው።

አያ ፈንታሁን ልጁን የነፈገበት ምክንያት በሰው በሰው ደርሶናል። "የከተማ ሰው እግሩም ቃሉም አይጸናም። ልጄን የምሰጠው ሲከብደው ቆሞ ለሚቆይ ነው" ብሏል አሉ። እህልም ከብትም የጠየቀ አይደለም፤ እንዲያ ቢጠይቅ ይቀል ነበር።

ሦስተኛው ቀጠሮ ጥር ላይ ሆነ። በዚያ ጠዋት አስካለ ያጠበችውን ነጭ ጋቢ አወጣሁ። ብርቄ እንዳለችው አንዴ ከአንገቴ፣ አንዴ ከእጄ ረጨሁ። ግሩም ሆነ። ጫማዬን አጥልቄ ቀና ስል ግን ጠፍቷል። አሸተትኩ፤ የለም። ልጄ ያስጠነቀቀችኝ አልጠፋኝም። ግን እንዲያው ማሰብ ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ይዞ የሚሄድ ሰው በሁለት ጠብታ ይሄዳል?

እኔ በሕይወቴ የማውቀው መርጨት አንድ ነው፣ የድንች መድኃኒት መርጨት። ድንች ቅጠሉ እንዳይጠቁር ሲረጭ ሥርዓት አለው። ከዳር ትጀምራለህ፣ መስመሩን ሳትለቅ ትሄዳለህ፣ የቅጠሉን ላዩን ብቻ ሳይሆን ታቹንም ታረጥባለህ። አንዲት ቅጠል ከዘለልክ በሽታው ከእሷ ይነሳል። በዚህ በኩል በሰፈራችን የሚወዳደረኝ የለም፤ የኔ ድንች ጠቁሮ አያውቅም። ጋቢውን አጥር ላይ ዘረጋሁትና ከዳር ጀመርኩ። መስመር በመስመር። ገለበጥኩትና ታቹንም። ጥለቱን ለብቻው። ጨርሼ ሳሸተው እንደገና ጠፍቷል። ደገምኩት።

አስካለ ከማጀት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ለልጁ ሚስት ልትጠይቅ ነው የምትሄድ ወይስ አንተው ልታገባ ነው?"

"ልጄ የሰጠችኝን ነው።"

"ልጅህ ጠጣው አለችህ?"

ጋቢዬን ለበስኩ። ወጣሁ።

መናኸሪያ ላይ ሁለቱ አብረውኝ የሚሄዱት ይጠብቁኛል። አንዱ ጎረቤቴ አያ ሙላት ነው፤ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሰው ስህተት ሲያገኝ ዓይኑ የሚበራ። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። አያ ፈንታሁን የቤተሰቡን ልብስ ከሳቸው ስለሚገዛ፣ ቃላቸው ይሰማል ብለን ነው የለመንናቸው።

ሙላት ገና ከሩቅ አንገቱን ማዞር ጀመረ። "የት ነው ሣር የታጨደው?" ይላል። በጥር፣ በመናኸሪያ፣ ከአቧራ በቀር ምንም በሌለበት።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ሣር አጭደህ መጣህ?"

"ሽቶ ተቀብቼ መጣሁ።"

ሙላት ሊስቅ አፉን ከፍቶ ሐጂን አየ። ሐጂ ሰይድ ግን ቀርበው ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። ሽቶ ያውቃሉ፤ ዓርብ ዓርብ ይቀባሉ።

"ማሻአላህ። ጥሩ ነገር ነው ወንድሜ፣ ተራ ዕቃ አይደለም" አሉ። ሙላትን ገልመጥ አደረግሁት። "ግን ይህ የሚነካ እንጂ የሚረጭ አይደለም። በጣት ጫፍ፣ ከጆሮ ኋላ። አንተ የት አደረግኸው?"

"ጋቢው ላይ።"

"በየትኛው በኩል?"

"በሁሉም በኩል።"

ሐጂ ጋቢውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አላህ ያግዘን" አሉ ከዚያ፣ ቀስ ብለው።

ሙላት ጋቢውን ሱቅ ውስጥ ትተን ከሐጂ ሌላ እንዋስ አለ። ምናልባት ዝም ቢል ኖሮ እኔው ራሴ አወልቀው ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ትንሽ ራሴን አዙሮኛልና። አውልቅ ካለኝ በኋላ ግን የማይሆን ነው። "ልጄ የሰጠችኝን ይዤ የማፍርበት ቤት የለም" አልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ከኋላ ያለች ሴት "የማን ጎመን ነው እንዲህ የሚሸት? የሚሸጥ ከሆነ ልግዛው" አለች። እኔ ቀጥ ብዬ ወደፊት እያየሁ አንበሳሜ ደረስኩ።

ከአንበሳሜ እስከ አያ ፈንታሁን ቤት በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አገሩ በጥር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እህሉ ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቷል፤ ለምለም የሚባል ነገር የለም። ከብቱ ሁሉ አፍንጫውን መሬት ላይ እየጎተተ የነሐሴን ሣር ያስባል። በዚያ መሃል እኔ፣ የነሐሴን ሣር ትከሻዬ ላይ አድርጌ ማለፌ ነው።

መጀመሪያ አህያ ነበረ። እህል ተጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ አህያ፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፣ ዞረ፣ ከነጭነቱ ይከተለኝ ጀመር። ባለቤቱ በጆሮው ጎትቶ እየተሳደበ ወሰደው፤ ስድቡ ለአህያው ይሁን ለእኔ አልለየም። ከዚያ አንዲት ቀይ ላም ከነጥጃዋ ከመንጋው ተለየች። እኔ ስፈጥን ትፈጥናለች፣ ስቆም ትቆማለች። ባለቤቷ ከማዶ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

"አባቴ፣ ላሜን ወዴት ነው የሚወስዷት?"

"እኔ አልጠራኋትም። አንቺ ጥሪያት።"

"ስጠራት አትሰማኝም እኮ።"

"እኔንም አትሰማኝም።"

ይህን ስንባባል ጥጃው የጋቢዬን ጫፍ እስከ ጥለቱ ውጦታል። ሐጂ ወዲህ እየጎተቱ ጥጃው ወዲያ እየጎተተ፣ በመጨረሻ ጥለቱ ምራቅ በምራቅ ሆኖ ወጣ። ሙላት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል። "ተወው ይከተሉን" ይለኛል፣ "ጥሎሽ ይዘን መጣን እንላቸዋለን።"

ደረስን። አያ ፈንታሁን በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ያየሁት ሰው የለም። ከራሱ በላይ ከጣሪያው ስር ስድስት ቀፎ ተንጠልጥሏል። ቀፎዎቹ የአባቱ ናቸው፤ ከዚያ ቦታ ተነቅለው አያውቁም ይባላል። እኛን አየ። ከኋላችን ላሟን አየ። ጥጃውን አየ።

"የጠበቅሁት ሽማግሌ ነው" አለ።

"አጃቢዎቻችን ናቸው" አለ ሙላት።

አልሳቀም። ባለቤቱ ወጥታ ከብቶቹን እያባረረች ወሰደችልን። "ተቀመጡ" አለን። መደቡ ተነጥፏል። እኛም በወጉ፣ ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም ብለን በረንዳው ስር ቆምን። ተናጋሪው እኔ ነኝ። በዚህም ደብረ ታቦር ላይ ስሜ ይታወቃል፤ እኔ ተናግሬ ያልታረቀ ባልና ሚስት ጥቂት ነው።

"ሁለት ጊዜ መጥተን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል" ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ንብ ትከሻዬ ላይ ያረፈችው ያኔ ነው።

አገሩ ደርቋል ብያለሁ። ለከብት ሣር እንደሌለው ሁሉ ለንብም አበባ የለም። አበባ ሆኜ ደጃቸው ድረስ የሄድኩላቸው እኔ ነኝ። አንዷ ሄዳ ነገረች መሰለኝ፣ አምስት ሆኑ። "ዛሬ የመጣነው ለወንድ ልጃችን ሴት ልጅዎን እንዲሰጡን ነው" ስል ልቆጥራቸው ከምችለው አልፈዋል። ጋቢው ላይ ይሄዳሉ፣ አበባውን ይፈልጋሉ፣ ያጡታል። ያ ዓይናፋር አበባ እነሱንም ያታልላቸዋል። ሲያጡት ተናደዱ። ንብ ካልነኩት አይነካም የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች አድራሻቸውን ብሰማ ደስ ይለኛል።

"ደምለው ሥራ ወዳድ ነው" አልኩ፤ ጆሮዬን ነደፈችኝ። "ጨዋ ነው" አልኩ፤ ከአንገቴ። በዓይኔ ጥግ ሙላት ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት፤ ቆይቶ ከማገዶው ክምር ጀርባ ራሱ ብቻ ይታያል። ሐጂ ሰይድ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ቆሙ፤ ከውስጥ የሚደግሙት ይሰማኛል። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። አያ ፈንታሁን ዓይኔን ያየኛል፣ እኔም ዓይኑን አየዋለሁ። የከተማ ሰው እግሩ አይጸናም ያለው በጆሮዬ ነው የሚጮኸው፤ በሌላው ጆሮዬ፣ ባልተነደፈው። አንድ እርምጃ ብንቀሳቀስ የደምለው ነገር እዚያው ያበቃል።

"ወደ ውስጥ ይግቡና ይቀመጡ" አለኝ አያ ፈንታሁን።

"ቃል ሳላገኝ አልቀመጥም።"

"ንቡ ይፈጅዎታል።"

"እንግዲያው ቃሉን ያፍጥኑት።"

ወደ ቀፎዎቹ ቀና ብሎ አየ። ሦስተኛዋ ከንፈሬን ነደፈችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግሬ ፊደሉ ጎደለ።

"ጋቢውን አውልቀው ይጣሉት። ሽታው ነው የሚጠራቸው።"

"አልጥልም። ልጄ የሰጠችኝ ሽታ ነው ያለበት።"

"ልጅዎ?"

"ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች" አልኩት፣ በዚያ ከንፈር። እንዴት ሆኖ እንደተሰማው አላውቅም። እኔ ግን ሳልለው አላልፍም።

ሽማግሌ የቆመበት ቤት ልጅቱ ከጓዳ አትወጣም። ዝናሽ ግን ወጣች። ኩበት የሚጨስበት ሸክላ ይዛ መጣችና ምንም ሳትናገር ዙሪያዬን ትዞር ጀመር፣ ልክ ቀፎ እንደሚጨስ። ከእግሬ እስከ ራሴ አጨሰችኝ። ንቦቹ ጥቂት በጥቂት ለቀቁኝ። ከዚያ ከጭሱ ውስጥ ሆና፣ መሬት መሬት እያየች፣ ለአባቷ ተናገረች።

"አባቴ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ሆነው እንዲቆሙልዎ ነው የሚፈልጉት? እሺ ይበሏቸውና ይቀመጡ።"

ሐጂ መድገማቸውን አቆሙ። የማገዶው ክምርም ትንፋሹን ዋጠ። በዚያች ፀጥታ፣ በኩበቱ ጭስ መሃል፣ ያ የጠፋ አበባ ተመልሶ መጣልኝ። ጆሮዬ እንደ ድንች አብጧል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እኔ ግን ብርቄን አሰብኩ። ይህች ልጅ አባቷን እንዲህ ስትናገረው፣ ሰውየውም ሲያዳምጣት ሳይ፣ ሁለታችን አንድ ዓይነት አባቶች መሆናችን ገባኝ።

"ተቀመጡ" አለ አያ ፈንታሁን። "ሰጥቻለሁ።"

ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ንብ ላይ ነበር።

አራተኛዋ ከሁሉም የከፋችው ናት፤ የት እንደነደፈችኝ አልጽፍም። አልተነሳሁም። ቃል ተሰጥቶት የተቀመጠ ሽማግሌ ተመልሶ ብድግ ካለ ሰውየው ምን ያስባል? እስኪመረቅ፣ እስኪበላ፣ እስኪጠጣ ድረስ አንዱን ጎን አስደግፌ ተቀመጥኩ። ስንወጣ ሙላት ከማገዶው ያገኘውን አቧራ ከፊቱ እየጠረገ "እኔ እኮ ከኋላ እየጠበቅሁህ ነበር" አለኝ። ሐጂ ሰይድ ወደ ሰማይ አዩ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ቀኑ ሲቃረብ አያ ፈንታሁን መልእክት ላከብኝ። "ሽቶውን ትተው ይምጡ" የሚል። እኔም መለስኩለት፦ "ንቦቹን ይተው።" ከዚያ በኋላ ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። እህቴ የልጄን ሰርግ ልታበላሽብኝ ነው ብላ እንደገና አለቀሰችብኝ። ደምለው መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አነሳሁትና አርፎ ግንቡን እንዲያቀና ነገርኩት። በእለቱ ብርቄ ራሷ አጠገቤ ቆማ ጠርሙሷን ያዘች። አንዴ ከአንገቴ፣ አንዴ ከእጄ። ከዚያ ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ዘጋችው። ልጄ ብልህ ናት።

አያ ፈንታሁን ደጅ ስንደርስ ሙሽራ ጥየቃው፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም ደርቷል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ስድስቱ ቀፎ የለም። ወጋግራው ላይ ቀፎዎቹ የታሰሩበት ጠፍር ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ ለዓመታት ጭስና ፀሐይ ሳያገኘው የኖረ ንጹሕ እንጨት። ቀፎዎቹን ከጓሮ፣ ከጎተራው ማዶ ወስዷቸዋል።

አያ ፈንታሁን ወጥቶ ተቀበለኝ። ስለ ቀፎው አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ግን አንገቴ ላይ ትንሽ ቆየ። አሸተተ።

"ጠፍቷል" አለኝ።

"ይመለሳል" አልኩት። "እዚሁ አጠገቤ ይቀመጡ።"